የጥሻ ጥይት

ባለፈው ዓመት ለለቅሶ ናዝሬት ሄጄ ሳለ፣ ባቡር ጣቢያው አጠገብ ካለ ጋራዥ በር ላይ የመኪና ራዲያተር የሚበይድ ልጅ አየሁ። ያየሁት እንኳ ኋላ ነው፤ መጀመሪያ የያዘኝ ሽታው ነው። የቀለጠ እርሳስ ሽታ አንዴ አፍንጫ ከገባ ዕድሜ ልክ አይወጣም። ቆሜ ስቀር ልጁ ቀና ብሎ፣ እማማ ጭሱ ይጎዳዎታል ዞር ይበሉ አለኝ። እኔ ይህን ጭስ የወተት ጥርሴ ሳይወልቅ ጀምሬ ጠጥቼዋለሁ፤ የሚጎዳኝ ቢሆን ይሄኔ ለቅሶው የእኔ ነበር አልኩት። ሳቀና ወደ ሥራው ተመለሰ። ዘመዶቼ ድንኳን ውስጥ ሲጠብቁኝ እኔ እዚያው በር ላይ ቆሜ አያቴ ዘንድ ሄጄ ነበር።

ያን ጊዜ አገሩ አዳማ ብቻ ነው፤ ናዝሬት የሚለው ስም ገና አልመጣም። ከተማ የሚባለውም ሐዲዱ፣ ጣቢያው፣ ጥቂት የቆርቆሮ ቤቶችና የአንድ ግሪክ መሸታ ቤት ነበር፤ የቀረው ግራርና አቧራ ነው። የእናቴ አባት፣ አባባ ደስታ፣ የባቡሩ ውሃ ጠባቂ ነበሩ። ከጣቢያው ጎን በረጃጅም የብረት እግሮች የቆመ ትልቅ የውሃ ማጠራቀሚያ ነበር፤ ባቡሩ መጥቶ ከሥሩ ቆሞ ይሞላል። እኔ ባቡሩን በረሃ አቋርጦ የመጣ፣ የጠማው እንስሳ አድርጌ ነበር የማየው። አባባ አንድ ቀን ውሃውን ቢከለክሉት ተቆጥቶ ቤታችንን የሚረግጥ ይመስለኝ ስለነበር፣ ፊሽካው በተሰማ ቁጥር ሮጬ እየሄድኩ ውሃው መከፈቱን አረጋግጥ ነበር። አባቴ አዋሽ ጣቢያ በኩል ሐዲድ ጥገና ላይ ስለሚሠራ ቤት የሚገባው አልፎ አልፎ ነው። ዘጠኝ ዓመቴ ነበር።

የእኔ ሥራ እርሳስ መልቀም ነበር። ከጅቡቲ የሚመጣ ፉርጎ በሩ የሚታሸገው በትንንሽ የእርሳስ ማኅተም ነው፤ ጣቢያው ሲደርስ እየተቆረጠ ሐዲዱ ላይ ይጣላል። እሱን በቀሚሴ ሰብስቤ ለአባባ እሰጣለሁ። እሳቸው በአሮጌ የብረት ጭልፋ ከሰል ላይ ያቀልጡትና ጥይት ያደርጉታል። ማኅተሙ ላይ የፈረንጅ ፊደል ተቀርጾበት ስለነበር፣ ፊደሉ ውስጡ ቀልጦ የሚቀር፣ ጥይቱም ሲተኮስ በፈረንሳይኛ የሚጮኽ ይመስለኝ ነበር። ይህን ለአባባ ነግሬያቸው፣ ታዲያ አጋዘኑ ፈረንሳይኛ ከየት ያውቃል ብለው ሲስቁ ጭልፋው ከእጃቸው ሊወድቅ ነበር።

ጠመንጃቸው ውጅግራ ነው፤ በቁመት ከእኔ ይረዝማል፣ አንድ ጥይት ከተኮሱበት ሌላ ማጉረስ አለባቸው። ለዚህ ጠመንጃ ሁለት ዓይነት ጥይት ይሠሩ ነበር። አንደኛው አረሩ የአውራ ጣቴን ያህል ረጅምና ከባድ ሆኖ ባሩዱም ሙሉ ነው፤ እሱን የጥሻ ጥይት ይሉታል። ሁለተኛው አረሩ አጭር፣ ባሩዱ ግማሽ ነው፤ ጓሮ የሚገባ ከርከሮ ማስደንገጫ ነው። አረሩን ቀለሁ ላይ ካስቀመጡ በኋላ ጫፉን በሰምና በሞራ ይቀቡታል። ያኔ የአባባን ዓይን ሞራ እየጋረደው ስለነበር ሁለቱን የሚለዩት በእጃቸው ነው። አንዷን በቀኝ፣ አንዷን በግራ መዳፋቸው ያስቀምጡና ዓይናቸውን ጨፍነው ትንሽ ከፍ ዝቅ ያደርጓቸዋል። ተሳስተው አያውቁም። ወርቅ አንጣሪ እንኳ እንደሳቸው እጅ አይመዝንም እያልኩ ለጓደኞቼ እመጻደቅ ነበር።

መሸታ ቤት ያለው ግሪክ አዲስ ምኒሽር ነበረው፤ ጥይቱ ቀጭን፣ ሹልና እንደ መርፌ የሚያብለጨልጭ። የአባባን ውጅግራ ባየ ቁጥር ይህን መድፍ ለሙዚየም ስጠው ይላቸዋል፤ ሙዚየም ምን እንደሆነ ግን እኔም አባባም አናውቅም። አባባም አይናደዱም። ሜዳ ላይ የሱ ትበልጣለች፣ ጥሻ ውስጥ ግን የእኔ ትበልጣለች ይላሉ። ቀጭኗ ፈጣን ጥይት ጠባይ የላትም፤ ቅርንጫፍ ስትነካ መንገዷን ትቀይራለች። ከባዷ ዝግተኛዋ ግን እንጨቱን ሰብራ ያሏት ቦታ ትደርሳለች። ግሪኩም በዚያች ጠባየ ቢስ ስንቱን አጋዘን አቁስሎ ጥሻ ውስጥ አጥቶታል፤ ያጣውን የሚያገኝለት አሞራ ነው።

ማጣቱ ደግሞ ለእኛ ሰዎች ተራ ነገር አልነበረም። ነገሩ እንዲገባችሁ ስለ ኦቦ አማን ልንገራችሁ። ኦቦ አማን ከአዋሽ ማዶ የሚኖሩ የአርሲ ሰው፣ እስላም፣ የአባባ የአደን ጓደኛ ነበሩ። ዱካ የሚያገኙት እሳቸው፣ የሚተኩሱት አባባ ናቸው። አዳማ ውስጥ አባባን አንተ የሚሉ ኦቦ አማን ብቻ ነበሩ፤ እኔ ይህን እንደ ትልቅ ድፍረት አየው ነበር። እንስሳው በጥይት ከሞተ በክት ነው፤ ክርስቲያንም እስላምም አይቀምሰውም። ነፍሱ ሳትወጣ ቢላዋ ሊደርስለት ይገባል። ቢላዋው የክርስቲያን ከሆነ ሥጋው የክርስቲያን፣ የእስላም ከሆነ የእስላም ነው። ስለዚህ ሁለቱ ተራ ነበራቸው። አንዱን አጋዘን አባባ ይባርካሉ፣ ሥጋው የእኛ ይሆናል፣ ቆዳው ለኦቦ አማን። የሚቀጥለውን ኦቦ አማን ያርዳሉ፣ ሥጋው የእሳቸው፣ ቆዳው የእኛ። ስንት ዓመት እንዲህ እንደኖሩ አላውቅም፤ አንድ ቀን እንኳ ግን በተራ ሲጣሉ አልሰማሁም።

አባባ አንድ ቀን እርሳስ እያቀለጡ፣ «ጥይት መግደል የለባትም። የምትገድለው ቢላዋ ናት» አሉኝ። ይህን ቃል ያዝኩት። በደንብ የያዝኩት መስሎኝ ነበር።

በዚያ ዓመት ጳጉሜ ላይ እናቴ ወንድሜን ወለደች። ምጡ ከባድ ነበር፤ ደም ብዙ ፈሰሳት። መስከረም ጠብቶ፣ ሜዳው አደይ ሞልቶት እሷ ግን ከአልጋ መነሳት አልቻለችም። ከንፈሯ ነጭ ነበር። ጡቷም እየደረቀ ሄደና ወንድሜ ያለቅስ ጀመር። ጎረቤት ሁሉ ሥጋ፣ የሥጋ መረቅ ይላል። ዶሮዎቻችን በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት አልቀዋል። ክረምቱን የከብት በሽታ ገብቶ ስለነበር የተረፈውንም ሰው ፈርቶ አያርድም። ኦቦ አማንም ሁለት በሬዎቻቸው ሞተውባቸዋል። አንዲት አዋላጅ ለአባባ በሹክሹክታ፣ በዚህ ሳምንት ደም የሚተካ ነገር ካልቀመሰች ለእኔም ያሳስበኛል ስትላቸው በሩ ጀርባ ቆሜ ሰማሁ። እናቴ ልትሞት ትችላለች ማለት እንደሆነ ማንም ሳይተረጉምልኝ ገባኝ።

ደግነቱ ተራው የእኛ ነበር። ኦቦ አማን መጥተው፣ አዋሽ ዳር፣ ዛሬ ሸንኮራ አገዳ የተንጣለለበት፣ አንድ ትልቅ ወንድ አጋዘን ጧት ጧት ውሃ እንደሚወርድ ተናገሩ። ዝናቡ ገና መውጣቱ ስለሆነ ጥሻው ሰው አያሳልፍም አሉ። አባባ ማታውኑ የጥይት ቆርቆሯቸውን ከፍተው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ ሦስት የጥሻ ጥይት መርጠው በትንሽ የቆዳ ከረጢት አስቀመጡ። ከረጢቱንና ቢላዋውን የምይዘው እኔ ነበርኩ፤ እስከ ጥሻው ጫፍ አደርስና እዚያ እጠብቃለሁ።

ጧት አባባ ፊታቸውን ሲታጠቡ ከረጢቱን ከፈትኩት። ጥይቶቹ በጣም ከበዱኝ። እንዲህ ያለ ከባድ ነገር አጋዘኑን ወዲያው ሊገድለው ነው፣ ቢላዋው ሳይደርስ በክት ሊሆን ነው፣ እናቴም ሥጋ ሳትቀምስ ልትቀር ነው ብዬ አሰብኩ። ጥይት መግደል የለባትም ብለውኝ የለ? ሦስቱን ከባዶች አውጥቼ ከግድግዳው ስንጥቅ ውስጥ ከተትኩና በምትካቸው ከቆርቆሮው ሦስት ቀላሎች አደረግሁ። እናቴን ያዳንኳት መስሎኝ መንገዱን ሙሉ ስዘል ሄድኩ።

ጥሻው ጫፍ ስንደርስ ኦቦ አማን ቀድመው ገብተው ነበር፤ ወዲያው እጃቸውን ከቁጥቋጦው በላይ አውጥተው ምልክት ሰጡ። አባባ ቸኮሉ። ያቀበልኳቸውን ጥይት ሳይመዝኑ አጎረሱ፤ ማታ መዝነዋታላ። ቢላዋውን እንኳ ሳይቀበሉኝ ጎንበስ ብለው ገቡ። እኔ ግራር ሥር ቆሜ ሰማሁ። ተኩሱ የለመድኩት የውጅግራ ድምፅ አልነበረም፤ ቀጠን ያለ፣ የተቆረጠ ነገር ነበር። ቀጥሎ ቅርንጫፍ ሲሰበር፣ ቀጥሎ ብዙ ሩጫ፣ ቀጥሎ የአባባ ድምፅ፣ «ሄደ!»

ኦቦ አማን ቢላዋውን ይዤ እንድከተላቸው ጠሩኝ። የአባባ ጉልበት አሮጌ ነው፤ ቆንጥሩ ውስጥ እየተንፏቀቁ ወደ ኋላ ቀሩ። ኦቦ አማን ደሙን ቅጠል ላይ እየፈለጉ፣ እኔ እሳቸውን እየተከተልኩ ብዙ ሄድን። ቀሚሴ ተቦጫጨቀ። በመጨረሻ አጋዘኑን አገኘነው፤ በጎኑ ተጋድሟል። ጥይቷ እንጨት ነክታ ዞራ ወርቹን በማግኘት ፈንታ ታፋውን ነው ያገኘችው፤ ደሙ እንደ ምንጭ ይወጣል። ጎኑ ላይ ያሉት ነጫጭ መስመሮች ከፍ ዝቅ ይሉ ነበር። ዓይኑ እኔን ያየኛል።

ቢላዋው በእጄ ነበር። ክርስቲያንም ነበርኩ። ግን ሴት ነበርኩ፤ በእኛ ዘንድ ሴት ዶሮ እንኳ አትባርክም። ኦቦ አማን ወንድ ናቸው፣ ግን የእሳቸው ቢላዋ ለእናቴ አይሆንም። እንዳልኳችሁ በሬዎቻቸው ሞተዋል፤ ልጃቸውን ኅዳር ላይ ሊድሩ ነው፤ ለሠርጉ የሚያርዱት የላቸውም። ቢያርዱት ማንም አይፈርድባቸውም ነበር፤ ከሚበከት ይሻላል ይባል ነበር። ቢላዋውን ዘረጋሁላቸው። አዩትና አልተቀበሉኝም። ነጭ ጥምጥማቸውን ከራሳቸው ፈትተው፣ ጠቅልለው ቁስሉ ውስጥ ጠቀጠቁትና በሁለት እጃቸው፣ በጉልበታቸውም ጭምር ተጫኑት። ከዚያ ለአጋዘኑ በኦሮምኛ ያወሩለት ጀመር። «ኦብሲ፣ ኦብሲ» ይሉታል፤ ታገሥ ማለት ነው። እኔን፣ ሂጂ አያትሽን ጥሪ አሉኝ።

እየጮኽኩ ሮጥኩ። አባባን ያገኘኋቸው በእጅና በጉልበታቸው ቆንጥር ሥር ሲሳቡ ነው፤ ግንባራቸው ደምቷል። ስንመለስ ጥምጥሙ ነጭ የሚባል አልቀረውም፣ አጋዘኑ ግን ይተነፍሳል። አባባ ቢላዋውን ከእኔ ወስደው በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ ብለው ባረኩት። ከዚያ እዚያው ዘፍ ብለው ተቀመጡ። ትንፋሻቸው እስኪመለስ ብዙ ቆዩና፣ «ሠርግ አለብህ፤ ለምን አላረድከውም?» አሏቸው።

ኦቦ አማን እጃቸውን በሣር እየጠረጉ፣ «ተራዬ አይደለም» አሉ።

እናቴ በዚያው ቀን መረቅ ጠጣች፤ ጉበቱንም ለብ ለብ አድርገው ሰጧት። በሦስተኛው ቀን ተቀምጣ ፀጉሬን ሠራችኝ። ወንድሜም ማልቀሱን ተወ። ቤቱ ሁሉ ደስ ሲለው እኔ ግን ምግብ አልወርድልሽ አለኝ። አባባ ማታ ከረጢቱን ከፍተው የቀሩትን ሁለት ጥይቶች መዳፋቸው ላይ ሲያስቀምጡ አይቻቸዋለሁ። ብዙ ጊዜ ከፍ ዝቅ አደረጓቸው። ከዚያ ቀስ ብለው፣ «እጄ ረሳ» አሉ። ውጅግራዋን ሞራ ቀብተው፣ በጆንያ ጠቅልለው ጣሪያው ሥር ሰቀሏት። ክብደት መለየት ያቃተው ሰው አውሬ ማሠቃየት የለበትም አሉ።

ከዚያ በኋላ ያሉት ሳምንታት በሕይወቴ የማልወዳቸው ናቸው። ኦቦ አማን ገበያ በመጡ ቁጥር ማጠራቀሚያው ሥር ከአባባ ጋር ይቀመጣሉ። አካም፣ ፈያ፣ እየተባባሉ በኦሮምኛ ደኅንነት ይጠያየቃሉ። ስለ ሠርጉ ይነሳል። ተራው የእሳቸው እንደሆነ ሁለቱም ያውቃሉ፤ ኦቦ አማን ግን አይጠይቁም፣ አባባም መሬት መሬት ያያሉ። ቀድሞ እርሳስ ስሰጣቸው ይመርቁኝ የነበሩት አባባ አሁን፣ ተይው ልጄ ምን ያደርግልኛል ይሉኝ ጀመር። ሐዲዱ ላይ ማኅተም አይቼ ሳላነሳ ሳልፍ አለቅስ ነበር። ብናገር የሚገርፉኝ ይመስለኛል። ዝም ስል ደግሞ እሳቸው በየቀኑ እየሸመገሉ ሲሄዱ አያለሁ።

ሠርጉ ዐሥር ቀን ሲቀረው፣ ስንጥቁ ውስጥ ያሉትን ሦስት ጥይቶች አወጣሁ። አባባ ማጠራቀሚያው ጥላ ሥር ተቀምጠው ነበር። እጃቸውን ይዤ ሁለት ጥይት በአንዱ መዳፋቸው፣ አንዷን በሌላው አስቀመጥኩ። ጨፈኑ፤ ከልማድ ነው። መዘኑ። ዓይናቸውን ገለጡ።

«የጥሻ ናቸው። የት አገኘሻቸው?»

«ያን ቀን ጧት እኔ ነኝ የለወጥኳቸው። ጥይት መግደል የለባትም ስላሉኝ… ቀላሏ የማትገድል መሰለኝ።»

ዱላ ጠብቄ ነበር። አባባ ግን መዳፋቸውን እያገላበጡ ያዩት ጀመር። «እጄ አልረሳም» አሉ፤ ለእኔ አይደለም፣ ለራሳቸው ነው። «እጄ አልረሳም እንዴ!» ዓይናቸው እንባ አቀረረ። እኔም አለቀስኩ፤ ከመፍራት ይሁን ከደስታ ዛሬም አልለየሁትም። ቆይተው ራሴን ዳሰሱኝና፣ ልጄ አትግደል ማለትና አቁስል ማለት አንድ አይደለም፣ ደካማ ጥይት ምሕረት አታውቅም አሉኝ። ለአማን ግን በራስሽ አፍ ትነግሪዋለሽ አሉ። ይህ ከዱላው ባሰብኝ።

በማግስቱ ማዶ ተሻግረን ሄድን። ሁሉንም ተናገርኩ። ኦቦ አማን እስክጨርስ ሰሙኝና ጥምጥማቸውን ፈትተው ዘረጉት። መሐሉ ላይ ሰፊ ቡናማ እድፍ ነበር። «ሚስቴ ሦስት ጊዜ አጠበች፣ አልለቀቀም። በይ ኢንታላ ኮ፣ ባለቤቱ ተገኘች፤ አሁን አንቺ እጠቢው» አሉኝ። ኢንታላ ኮ ማለት ልጄ ማለት ነው። አዋሽ ወርጄ በእንዶድ ስፈትገው ዋልኩ። አልለቀቀም። እሳቸው ግን ወስደው እርጥቡን ጠመጠሙት፤ አባባም በሳቅ ፈነዱ። ከዚያ አደን ቀን ወዲህ ሲስቁ የሰማሁት ያኔ ነው።

ሳምንት ሳይሞላ እዚያው ግራር ሥር ነበርን። አባባ ከዝናራቸው ሁለት ጥይት አውጥተው እጄ ላይ አስቀመጡና፣ እኔ አልመዝናቸውም፣ አንቺ ምረጪ አሉኝ። ጨፈንኩ። ከባዷን ሰጠኋቸው። ሳይመዝኑ አጎረሱና ገቡ፤ ቢላዋውን ያን ቀን የያዙት ኦቦ አማን ነበሩ።

ብዙ ጠበቅሁ። ከዚያ ውጅግራዋ በራሷ ወፍራም ድምፅ አንዴ ተናገረች፤ ጭሱ ከጥሻው በላይ ተነሳ። ቅርንጫፍ አልተሰበረም፣ የሚሮጥም አልነበረም። ከውስጥ የኦቦ አማን ድምፅ «ቢስሚላሂ» ሲል ሰማሁና፣ እናቴ ብትሰማኝ ምን እንደምትል ሳላስብ አሜን አልኩ። ትንሽ ቆይተው ሁለቱ ሽማግሎች ተደጋግፈው ወጡ። ከሁሉ አስቀድሜ ያየሁት የኦቦ አማንን ራስ ነው። ባለ እድፉ ጥምጥም እንደተጠመጠመ ነበር።